የሻምበል አበበ ቢቂላ ሁለተኛ ጨዋታ

የሚከተለውን የሕይወት ታሪክ በጥሞና አንብቡ፤ ከዚያም በመጨረሻ የቀረቡትን ጥያቄዎች መልሱ።

አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በቀድሞው ሸዋ፣ በደብረ ብርሃን አካባቢ በምትገኘው ጃቶ በተባለች የገጠር መንደር ተወለደ። በልጅነቱ ከአካባቢው ልጆች ጋር የገና ጨዋታ ይጫወት ነበር። የገና ጨዋታ ጫፉ ቆልመም ባለ ዱላ ሩር የሚመታበት ሲሆን፣ ለሜዳው ወሰን የለውም ለማለት ይቻላል። ተጫዋቾች ሩሯን ተከትለው ከመንደር እስከ መንደር ይሮጣሉ። በዚያ ቀን ጌታና ሎሌ እኩል ይጫወታሉ፤ በዱላ የተነካም ቂም አይዝም። የጨዋታው ዋጋ ራሱ ጨዋታው ነው።

አበበ ወጣት ሳለ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክቡር ዘበኛ ጦር ተቀጠረ። በዚያም ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን የሩጫ ችሎታውን አይተው አሠለጠኑት። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ኦሊምፒክ የማራቶንን ውድድር በባዶ እግሩ ሮጦ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ በአንደኛነት ፈጸመ። ይህም በዘመኑ የዓለም ክብረ ወሰን ነበር።

ከድሉ በኋላ ጥቂት ቀናት ብቻ እንዳለፉ፣ በመስከረም 1953 ዓ.ም.፣ በዚያችው በሮም ከተማ ወደ 400 የሚጠጉ አካል ጉዳተኞች በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ለመወዳደር ተሰበሰቡ። የዚያ ጉባኤ ነገር አንድ ቀን የማራቶኑን ጀግና ይመለከተዋል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ከሮም በኋላ ሩጫ ለአበበ እንደ ልጅነቱ ጨዋታ ሊሆን አልቻለም። የሀገር ክብር፣ የወታደር ግዴታና የሰዓት ቆጣሪ ሥራ ሆነ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶክዮ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና ስድስት ሳምንት ሳይሞላው፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ እንደገና አሸነፈ። የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ በማሸነፍም የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከዚህም የተነሣ ሕዝቡ ከእርሱ ከድል በታች የሆነ ነገር አልጠበቀም። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ግን በእግሩ ላይ በደረሰበት ጉዳት ምክንያት 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ ውድድሩን አቋረጠ። ወርቁን ያገኘው የሀገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ነበር።

ከአምስት ወር በኋላ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት፣ አበበ ይነዳት የነበረችው ቮልስዋገን መኪና ተገለበጠች። እስከ ማግሥቱ ጠዋት ድረስ በውስጧ ተይዞ ቆየ። ከዚያም ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ስምንት ወር ታከመ። በመጀመሪያ እጆቹም እንኳ አይታዘዙለትም ነበር። ቀስ በቀስ ክንዶቹ ቢድኑለትም፣ ከወገቡ በታች ያለው አካሉ ግን ሳይመለስለት ቀረ። በዚያን ጊዜ ዕድሜው ገና 36 ዓመት ነበር።

ይህን የሕክምና ክፍል በ1936 ዓ.ም. ያቋቋሙት ሐኪም ሉድዊግ ጉትማን ናቸው። እኒህ ሐኪም ስፖርት ለሽባ ሰው መድኃኒት ነው ብለው ያምኑ ስለ ነበር፣ የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ቀን፣ ሐምሌ 22 ቀን 1940 ዓ.ም.፣ በሆስፒታሉ ግቢ የቀስት ውድድር አዘጋጅተዋል። ቀስት መሳብ ክንድንና ትከሻን ያጠነክራል፤ ተቀማጩም ሚዛኑን እንዲጠብቅ ያስተምራል። ከሁሉ በላይ ሕመምተኛው በአልጋው ላይ ሆኖ ያጣውን እንዲቆጥር ሳይሆን፣ ዒላማውን እንዲመለከት ያደርገዋል።

አበበም ቀስት አነሣ። በሩጫ ከዓለም አንደኛ የነበረው ሰው በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ጀማሪ ሆነ። ስሙን ይዞ በቤቱ ቢቀመጥ የሚነቅፈው አልነበረም፤ እንዲያውም ለዝናው የሚጠነቀቅ ሰው እንዲህ ያደርግ ነበር። እርሱ ግን በሐምሌ 1962 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በተደረገው የስቶክ ማንደቪል ጨዋታ ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በሁለቱም ዓይነት ተወዳደረ። በሚያዝያ 1963 ዓ.ም. ደግሞ በኖርዌይ አካል ጉዳተኞች ባደረጉት ጨዋታ ላይ ተገኝቶ፣ በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ተቀማጭ የ25 ኪሎ ሜትር ሀገር አቋራጭ ውድድር አሸነፈ። በደጋው ሜዳ በእግሩ ያደገ ሰው፣ በማያውቀው በረዶ ላይ ሌላ ረጅም መንገድ ፈጸመ።

በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ ሲገባ፣ ተመልካቹ ከመቀመጫው ተነሥቶ በጭብጨባ ተቀበለው። የዚያ ዓመት የማራቶን አሸናፊ አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተርም ሜዳልያውን ከተቀበለ በኋላ ወደ እርሱ ሄዶ እጁን ጨበጠው። ሻምበል አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በአንጎል ውስጥ በደረሰ የደም መፍሰስ በ41 ዓመቱ ዐረፈ። በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ሲቀበር እጅግ ብዙ ሕዝብ ሸኘው።

ስለ አበበ ሲነሣ ብዙዎች የሚያስታውሱት በሮም በባዶ እግሩ መሮጡን ነው። ይሁን እንጂ የመጨረሻዎቹ ዓመታቱ ከዚያ የማያንስ ትምህርት ይሰጣሉ። አሸናፊነት ከእግር ጋር ሊሄድ ይችላል፤ የመጫወት ፍላጎት ግን ሰውየው እንደ ልጅ ከመጀመሪያው ለመጀመር እስካላፈረ ድረስ አብሮት ይኖራል።

መልመጃ

1. አበበ በልጅነቱ የተጫወተው የገና ጨዋታና ከሮም በኋላ የሮጠው ሩጫ በምን ይለያያሉ?
2. ሐኪሙ ጉትማን የቀስት ውድድር ያዘጋጁት ለምን ነበር?
3. «ክብረ ወሰን»፣ «ዒላማ»፣ «ጀማሪ» የሚሉትን ቃላት በየራሳቸው ዐረፍተ ነገር ውስጥ አግቡ።
4. በአካባቢያችሁ የሚታወቅ አንድ ባህላዊ ጨዋታ መርጣችሁ፣ አጨዋወቱንና ሰዎች የሚወዱበትን ምክንያት በሦስት አንቀጽ ጻፉ።