እንዶድና ዶክተር አክሊሉ ለማ

የባቼ ልጆች እንደምታስታውሱት እኔ የመርካቶ ልጅ ነኝ። ባለፈው ፋሲካ ሰሞን እናቴ ለጋቢዋ ማጠቢያ እንዶድ ግዥልኝ ብላኝ ቅመም ተራ ጎራ አልኩ። ሻጯ እትዬ እየሰፈሩልኝ ሳለ አንዲት ሴት መጥታ ጎመኗን ቅጠል በቅጠል ስለጨረሰባት አባጨጓሬ አማከረቻቸው። እሳቸውም እንዶዱን ወቅጣ፣ በውኃ በጥብጣ እንድትረጭበት ነገሯት። ምን ያህሉን በስንት ውኃ የሚለውን ማንም አላነሳም። ያን ጊዜ ነው ዶክተር አክሊሉ ለማ ትዝ ያሉኝ።

ዶክተር ይባሉ እንጂ እንደኛ ሐኪም አልነበሩም። ሐረርጌ ተወልደው አሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ድረስ የተማሩ፣ ስለ ጥገኛ ተሕዋስያን የሚመራመሩ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ቢልሃርዝያ ሊያጠኑ አድዋ ሄዱ። ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ፤ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ያለው ቀንድ አውጣ ብዙው ሞቷል። ይህን ስንቱ አይቶ አልፎታል! እሳቸው ግን በሕይወት ያሉትን ለቅመው አረፋው ውስጥ ከተቱ፤ ሞቱ። በሽታውን የሚያዛምተው ቀንድ አውጣው ስለሆነ፣ እሱ ካለቀ መተላለፊያው ተቆረጠ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜያቸው ያለቀው በማስመስከር ነው ብል አላጋነንኩም። በ1966 ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት አቋቋሙ። አድዋ ላይ 5 ዓመት በፈጀው ሙከራ፣ በትንንሽ ልጆች ላይ የነበረው ቢልሃርዝያ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ከየአገሩ የእንዶድ ዘር ሰብስበው ኃይለኛውን፣ ዓይነት 44 የተባለውን መረጡ። የውጭ ተቋማት ግን እዚህ የተሠራውን ምርመራ አላመኑም፤ በሌላ አገር ቤተ ሙከራ እንደገና ይታይ ሲባል ዓመታት ነጎዱ። ሁለቱም በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ዶክተር አክሊሉ በ1997 አረፉ።

ንቀቱ ያናድደኛል። ምርመራው ራሱ ግን የግድ ነበር፤ እንዶድ ዓሣም ይገድላል። ተረኛ በነበርኩበት አንድ ሌሊት ፅንስ ለማስወረድ እንዶድ የጠጣች ልጅ ተቀብያለሁ፤ ለጥቂት ነው የተረፈችው።

ለጎመን ባለቤቷ፣ ብትረጨው እንኳ የተረፈውን ወንዝ እንዳትደፋ፣ ቅጠሉንም ሳታጥብ እንዳትቀቅል ነገርኳት። ሻጯ ገበያ የማበላሽ መስሏቸው ገላመጡኝ። ጋቢው ግን ነጭ ሆኖ ወጣ።