ቻርልስ ኬተሪንግ፤ የሞተርን እሳት በጊዜው ያቀና ሰው

ከጅማ ተነሥቶ በቦንጋ በኩል ወደ ሚዛን ተፈሪ፣ ከዚያም ወደ ቴፒ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ፣ ሞተር ለቡና አገራችን ምን ያህል ባለውለታ እንደ ሆነ ያውቃል። ቀድሞ በበቅሎ ጀርባና በሰው ትከሻ ይጓዝ የነበረው ቡና ዛሬ በመኪና ተጭኖ ይሄዳል። አሁን ጭነቱን በብዛት የሚያመላልሱት በናፍጣ የሚሠሩ መኪኖች ቢሆኑም፣ ቤንዚን የሚጠጡና ካርቡራተር ያላቸው አሮጌ ላንድሮቨሮች፣ ቶዮታዎችና ቮልስዋገኖች በአገራችን ገና ፈጽመው አልጠፉም። በእነዚህ መኪኖች ውስጥ ቤንዚኑን የሚያነደው የእሳት ብልጭታ ሥርዓት በመሐንዲሶች ዘንድ እስከ ዛሬ በአንድ ሰው ስም ይጠራል። ያም ሰው አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ ነው። የሕይወቱ ታሪክ ለእኛ ለተማሪዎች ብዙ ትምህርት ስለሚሰጥ፣ በአጭሩ ለአንባቢያን ለማቅረብ እሞክራለሁ። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቻርልስ ፍራንክሊን ኬተሪንግ በአሜሪካ በኦሃዮ ክፍለ ሀገር፣ ላውደንቪል በተባለች ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ ከገበሬ ቤተሰብ በኦገስት 29 ቀን 1876 ተወለደ። ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይኑ ደካማ ስለ ነበረ ማንበብ ብርቱ የራስ ምታት ያመጣበት ነበር። ሆኖም ትምህርቱን ገፍቶ በገጠር ትምህርት ቤት መምህር ሆነ፤ ከዚያም ወደ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገባ። በዚያም ዓይኑ ስለ ከዳው ትምህርቱን ማቋረጥ ግድ ሆነበት። ነገር ግን ዕድሉን እያማረረ ቤቱ አልተቀመጠም። የስልክ መሥመር ከሚዘረጉ ሠራተኞች ጋር ተቀጥሮ ሠራ፤ በኋላም አለቃቸው ሆነ። በዚህ ሥራ የኤሌክትሪክን ጠባይ ከመጽሐፍ ሳይሆን በእጁ ዳስሶ ተማረ። ዓይኑ ሲሻለው ተመልሶ በ1904 በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ሲመረቅ ዕድሜው 27 ዓመት ነበር። ከእኩዮቹ ዘገየ እንጂ አልቀረም።

ወዲያው ዴይተን በተባለው ከተማ፣ የሱቅ ገንዘብ መመዝገቢያ መሣሪያ በሚሠራው በናሽናል ካሽ ሬጅስተር ኩባንያ ተቀጠረ። ያ መሣሪያ እስከዚያ ጊዜ በእጅ እየተዞረ ይሠራ ነበር፤ ኬተሪንግ ግን ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር አበጀለት። ሞተሩ የሚሠራው ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ስለ ሆነ፣ ከመጠኑ በላይ ቢጫንበትም ሳይቃጠል ሥራውን እንደሚፈጽም አስተዋለ። ይህች ማስተዋል በኋላ ዓለምን ጠቅማለች።

በዚያ ዘመን መኪና መንዳት ቀላል ነገር አልነበረም። በ1907 ቤድ ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ ዎልስሊ በተባለች መኪና ከለንደን ተነሥቶ፣ በብዙ ድካም አዲስ አበባ ደርሶ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ ያቀረበው በዚህ ጊዜ ነበር። የዚያ ዘመን ሹፌር ሞተሩን ለማስነሣት ከመኪናው ፊት ቆሞ ማኖቬላ የሚባለውን ብረት በክንዱ ኃይል ያዞር ነበር። በብዙዎቹ መኪኖችም የብልጭታውን ጊዜ በመሪው አጠገብ ባለች እጀታ ራሱ ያስቀድም ወይም ያዘገይ ነበር። ማኖቬላውን ከማዞሩ በፊት ብልጭታውን ማዘግየት ቢረሳ፣ ቤንዚኑ ያለ ጊዜው ይነድና ሞተሩ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ብረቱም አብሮ ተመልሶ ክንድ ይሰብራል።

በ1908 ገደማ ኬተሪንግ ከባልደረባው ከኤድዋርድ ዲድስ ጋር ሆኖ፣ በዲድስ ግቢ በሚገኝ ጎተራ ውስጥ ከሥራ ሰዓት ውጭ ስለ መኪና ይመራመር ጀመር። የመጀመሪያው ሥራቸው ብልጭታውን የታመነ ማድረግ ነበር። የዚህም ሥርዓት አሠራር እንደሚከተለው ነው። ከባትሪ የሚወጣው 6 ወይም 12 ቮልት ብቻ ስለ ሆነ በካንዴላው ጫፍ ያለውን ክፍተት ሊዘል አይችልም። ስለዚህ ቦቢና በተባለው ጥቅል ሽቦ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል። ኮንታክት የሚባሉት ሁለት ትንንሽ ብረቶች በገጠሙ ጊዜ ቦቢናው ኃይል ያጠራቅማል፤ በተላቀቁ ቅጽበት ግን የተጠራቀመው ኃይል በብዙ ሺህ ቮልት ሆኖ ይፈነጥቃል። ዲስትሪቢዩተር የሚባለው አከፋፋይ ደግሞ ተራው ለደረሰው ሲሊንደር ያደርሰዋል። እንግዲህ ብልጭታው የሚወለደው ኮንታክቶቹ ሲለያዩ ስለ ሆነ፣ የሞተሩ ሥራ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚያች ቅጽበት ላይ ነው።

ቅጽበቷ ስለ ምን ትለካለች ቢባል፣ የቤንዚንና የአየር ድብልቅ ባንድ ጊዜ አይፈነዳም፤ ከካንዴላው ጀምሮ እየተዛመተ ይነዳል። ለመንደድ የሰከንድ 1,000ኛ ክፍል 2 ጊዜ ያህል ይፈጅበታል እንበል። ሞተሩ በደቂቃ 800 ጊዜ ሲዞር፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ ዋናው ዘንግ 10 ዲግሪ ያህል ይዞራል፤ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ግን 36 ዲግሪ ይዞራል። ስለዚህ ብልጭታው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ አስቀድሞ መምጣት አለበት፤ ፍጥነቱ በጨመረ መጠን ደግሞ ይበልጥ ሊቀድም ይገባል። ከጊዜ በኋላ ይህ ሥራ ከሹፌሩ እጅ ተወስዶ፣ በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እየተሽከረከሩ ወደ ውጭ ለሚከፈቱ ትንንሽ ክብደቶች ተሰጠ።

የካዲላክ ኩባንያ አለቃ ሄንሪ ሌላንድ ሥራውን አይቶ፣ ለ8,000 መኪኖች የሚሆን የብልጭታ መሣሪያ አዘዘ። ኬተሪንግና ዲድስም በ1909 ዴልኮ የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። የሌላንድ ወዳጅ የነበረው የመኪና ሠሪው ባይረን ካርተር በ1908 ሞተ። ሞቱም ማኖቬላ ተመልሶ ስለ መታው እንደ ሆነ፣ ሌላንድም በዚህ እጅግ አዝኖ ኬተሪንግን መላ እንዲፈልግ እንደ ጠየቀው ይነገራል። ኬተሪንግ ያን የገንዘብ መመዝገቢያ ትንሽ ሞተር አስታወሰ፤ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ በርትቶ የሚሠራ ሞተሪኖ ሠራ። በ1912ቱ የካዲላክ መኪኖች ላይ ከተገጠመ በኋላ ማኖቬላ እየቀረ ሄደ፤ የክንድ ጉልበት የሌለው ሰውም መኪና ለማስነሣት ቻለ።

ዛሬም አሮጌ መኪና የሚያበጅ መካኒክ የሚከተለው ያንኑ የብልጭታ ሕግ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ አስቀድሞ የኮንታክቶቹን ክፍተት ይለካል፤ በቀድሞው ቮልስዋገን ክፍተቱ 0.4 ሚሊሜትር ነው። ክፍተቱ ሲለወጥ የብልጭታው ጊዜም ስለሚለወጥ ይህ ሥራ ይቀድማል። ከዚያ ሞተሩን አሙቆ፣ በካርቡራተሩ ቡሎን ሚኒሞውን በደቂቃ 850 ዙር ያህል ያደርገዋል። ሚኒሞው ከበዛ ክብደቶቹ መከፈት ይጀምሩና ምልክቱ ያታልላል። ቀጥሎ የዲስትሪቢዩተሩን ማሰሪያ አላልቶ፣ ምልክቱ ከቦታው እስኪገጥም ድረስ በጥቂት በጥቂቱ ያዞረዋል፤ በብዙዎቹ የቀድሞ ቮልስዋገኖች ይህ ፒስተኑ ጫፍ ሊደርስ 7.5 ዲግሪ ሲቀረው ነው። ማሰሪያውን ካጠበቀ በኋላም የብልጭታው ጊዜ ሲቃና ሚኒሞው ስለሚለወጥ፣ እንደገና ወደ ካርቡራተሩ ይመለሳል።

ይህ ለእኛ አገር በተለይ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስትሆን፣ ቴፒ ግን 1,200 ሜትር ያህል ናት። በአዲስ አበባ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ሲሳሳ፣ በቴፒ የሚሳሳው በአንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ ብልጭታው ቀደም ብሎ የተስተካከለለት መኪና ወደ ቆላው ሲወርድ፣ ሲሊንደሩ ብዙ አየር ያገኛል፤ ግፊቱና ሙቀቱም ይጨምራል። ያን ጊዜ ገና ያልነደደው ድብልቅ እሳቱ ሳይደርስበት ራሱ ይፈነዳና ሞተሩ በዳገት ላይ እንደ ተመታ ብረት ይንኳኳል። ሹፌሩ ቸል ካለው ፒስተኑን ያበላሻል፤ አስተዋይ መካኒክ ግን ብልጭታውን ጥቂት አዘግይቶ የካርቡራተሩን ቤንዚን ያስተካክላል።

ይህ መንኳኳት ኬተሪንግንም አስጨንቆት ነበር፤ አንዳንዶች ጥፋቱ የእርሱ የባትሪ ብልጭታ ነው ይሉ ነበርና። በ1920 የጄኔራል ሞተርስ የምርምር ክፍል አለቃ ከሆነ በኋላ፣ ረዳቱ ቶማስ ሚጅሊ በ1921 በቤንዚን ውስጥ ጥቂት የእርሳስ ውሑድ ቢጨመር መንኳኳቱ እንደሚጠፋ አገኘ። ቤንዚኑ በ1923 ለገበያ ወጣ። ነገር ግን እርሳስ መርዝ መሆኑ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነበር። በ1924 በኒው ጀርሲ ውሑዱን ይሠሩ ከነበሩት ሠራተኞች 5 ሰዎች በመርዙ ሞቱ። አልኮል መንኳኳትን እንደሚከለክል ኬተሪንግ ራሱ ቢያውቅም፣ በእርሳሱ ቀጠሉ። ከመኪኖች የሚወጣው እርሳስ የብዙ ሕፃናትን አእምሮ እንደ ጎዳ በኋላ ተረጋገጠ። ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች በ2006 መጀመሪያ ከዚህ ቤንዚን የተላቀቁ ሲሆን፣ በዓለም መጨረሻ የተወችው አልጀሪያ በ2021 ናት።

ኬተሪንግ የምርምሩን ክፍል እስከ 1947 መራ። በ1945 ከአልፍሬድ ስሎን ጋር በኒው ዮርክ የካንሰር ምርምር ተቋም እንዲመሠረት ረዳ፤ ተቋሙም እስከ ዛሬ በሁለቱ ስም ይጠራል። በስሙ የተመዘገቡት የፈጠራ መብቶች ከ180 በላይ ነበሩ። በኖቬምበር 25 ቀን 1958 በ82 ዓመቱ በዴይተን ዐረፈ።

ውድ ተማሪዎች ሆይ፣ ዓይኑ ስለ ደከመበት ምሰሶ ሲያቆም የኖረው ይህ ወጣት ሰዎችን ከማኖቬላ አደጋ አዳነ፤ ሥራውንም ስለዚህ ማመስገን ይገባናል። እርሳሱን ደግሞ አብረን ማስታወስ አለብን። በዚህ ዓመት ከትምህርት ቤታችን ከምንወጣው መካከል መሐንዲስና መካኒክ የሚሆኑ አሉ። እነርሱ አንድ መሣሪያ በደንብ መሥራቱን ካረጋገጡ በኋላ፣ ጭሱን የሚተነፍሰው ማን እንደ ሆነም ይጠይቁ።