አሌሳንድሮ ቮልታና ባትሪ የተባለው ቃል

ከሐዋሳ ወደ ደቡብ ወጣ ብሎ በሚገኘው በቱላ፣ እንደ ሌላውም የአገራችን ክፍል ሁሉ፣ ከሱቅ ገብቶ ባትሪ የጠየቀ ሰው የሚቀርብለት የእጅ መብራት ነው። ለመብራቱ ኀይል የሚሰጠውን ነገር የፈለገ እንደ ሆነ የባትሪ ድንጋይ ማለት አለበት። በሳይንስ መጽሐፍ ግን ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል፤ ባትሪ የሚባለው ኤሌክትሪኩን የሚያመነጨው እንጂ መብራቱ አይደለም። ቃሉ ይህን ያህል እንዴት እንደ ተጓዘ ለመረዳት የአሌሳንድሮ ቮልታን ታሪክ መመልከት ስለሚጠቅም፣ ለአንባቢዎቻችን ባጭሩ እናቀርባለን። ዘመኑ ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ነው።

ቮልታ በ1745 ዓ.ም. በሰሜን ኢጣሊያ በኮሞ ከተማ ተወለደ። አራት ዓመት እስኪሆነው ድረስ አፉን ስላልፈታ ቤተ ሰቦቹ ሰግተው ነበር ይባላል። ካደገ በኋላ ግን ተፈጥሮን መመርመር ያዘ። በ1776 ከማጆሬ ሐይቅ ረግረግ የሚወጣውን አረፋ ሰብስቦ፣ ዛሬ ሜቴን የምንለውን የሚነድ ጋዝ ለየ። ቈይቶም በፓቪያ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ሆነ።

በ1791 የቦሎኛው ሐኪም ሉዊጂ ጋልቫኒ የሞተ እንቍራሪት እግር በሁለት ዐይነት ብረት ሲነካ እንደሚንፈራገጥ ገለጸ፤ ኤሌክትሪኩም ከእንስሳው አካል የመነጨ መሆኑን አስተማረ። ቮልታ በመጀመሪያ ቢቀበለውም፣ ኋላ ምንጩ የሁለቱ ብረቶች መገናኘት ነው ብሎ ተከራከረ። ይህንንም ለማስረዳት የዚንክና የብር ክቦችን እያፈራረቀ፣ በመካከላቸው በጨው ውሃ የራሰ ካርቶን እያስገባ ደረደረ። እንቍራሪት በሌለበት ኤሌክትሪክ ፈሰሰ። ሥራውንም በመጋቢት 1800 ለለንደኑ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር በደብዳቤ አስታወቀ። ዋናው ምንጭ በብረቶቹና በጨው ውሃው መካከል የሚደረገው ኬሚካዊ ለውጥ መሆኑን የገለጡት ግን ኋላ የመጡ ሊቃውንት ናቸው።

አሁን ወደ ስሙ እንመለስ። መሣሪያው ኤሌክትሪክ የሚረጨውን የባሕር ዓሣ አካል ስለ መሰለው፣ ቮልታ ሰው ሠራሽ የኤሌክትሪክ አካል ሲል ሰየመው። ሰው ግን ቅርፁን አይቶ ቍልል አለው። ባትሪ የሚለው ቃል በበኩሉ የመድፎች ረድፍ ማለት ነበር፤ አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ኤሌክትሪክ ለሚያከማቹ የተደረደሩ ጠርሙሶች ሰጠው፤ ከዚያም ወደ ቮልታ ቍልል ተላለፈ። ወደ እኛ ሲደርስ መብራቱን ያዘ። ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም፤ በቮልታ አገር ቋንቋ ቍልል ማለት የሆነው ፒላ፣ ዛሬ የእጅ መብራትም መጠሪያ ነው።

ስለዚህ ሕዝብ ቃልን ከሳይንስ ተቀብሎ ለኑሮው እንደሚስማማ ማድረጉ ነውር አይደለም። ጕዳት የሚመጣው የተማረው ሰው ሁለቱን ፍች ሲያደባልቅ ነው። ዛሬ በስልካችን ባትሪ ስናበራ ባትሪው ያልቃል፤ አነጋገሩ በቤት ግልጽ ነው። በመሥሪያ ቤት የዕቃ መጠየቂያ ላይ ባትሪ ብቻ ብሎ የሚጽፍ ወጣት ሹም ግን መብራት ይሁን ድንጋይ፣ ወይስ የመኪና ባትሪ፣ ለግምጃ ቤቱ ሠራተኛ እንቆቅልሽ ይሆንበታል። ድንጋይ የሚለውም ስም ያሳስታል። የደከመውን ድንጋይ ፀሐይ ላይ ማስጣት ሙቀቱ ኬሚካዊውን ሥራ ስለሚያፋጥን ለጥቂት ጊዜ ያነቃዋል እንጂ ያለቀውን አይመልስም። እንደ ድንጋይ ተቈጥሮ ከጓሮ ሲጣልም ዛጎሉ ተበልቶ በውስጡ ያለው ኬሚካል ይፈስሳል፤ ለሕፃናት መጫወቻ ሊሆን አይገባም።

ቮልታ በ1801 መሣሪያውን በፓሪስ ለናፖሊዮን አሳይቶ ተሸለመ፤ በ1810 የኮንት ማዕርግ ተሰጠው፤ በ1827 በተወለደበት በኮሞ ዐረፈ። በ1881 በፓሪስ የተሰበሰቡ የኤሌክትሪክ ሊቃውንት አንዱን መለኪያ በስሙ ቮልት አሉት። እርሱ ያወጣው ስም ተረስቶ፣ ሌሎች በእርሱ ስም የሰየሙት ቀረ። ተማሪዎቻችን የባትሪ ድንጋይ ሲገዙ በላዩ የተጻፈውን ያንብቡ፤ ከ1.5 ቍጥር ቀጥሎ የምትታየው ፊደል የቮልታ ስም መጀመሪያ ናት።