ዶክተር ኤርነስት ፕራይስና የቀይ አፈሩ በሽታ

በወላይታ ገበያ በሚቆምበት ቀን የአላፊ አግዳሚውን እግር ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው፣ ከጉልበቱ በታች ያበጠና ቆዳው የሻከረ እግሩን እየጎተተ የሚሄድ ገበሬ ሳያይ አይመለስም። ሕዝባችን ይህን በሽታ ዝሆኔ ይለዋል። የበሽታው መንሥኤ ለረዥም ዘመን ሲያከራክር ኖሯል። አንዱ እርግማን ነው ሲል፣ ሌላው የዘር ጣጣ ነው ይላል። የሕክምና መጻሕፍትም ቢሆኑ የእግር ዝሆኔን ትንኝ ከምታስተላልፈው የፊላሪያ ትል ጋር ማያያዝን ያዘወትሩ ነበር። እነዚህን ግምቶች በትዕግሥት መርምረው መንሥኤውን ከእግር ሥር ከሚገኘው አፈር ያደረሱት፣ በኢትዮጵያ ይሠሩ የነበሩት እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ዶክተር ኤርነስት ፕራይስ ናቸው።

ፕራይስ ወደዚህ ጥያቄ የመጡት በሥጋ ደዌ ሕክምና በኩል ነው። የሥጋ ደዌ ሐኪም የእግር ተመራማሪ መሆን ግድ ይለዋል፤ እርሳቸውም እ.ኤ.አ. በ1959 በሥጋ ደዌ ስለሚከሠት የውስጥ እግር ቁስል ተከታታይ ጥናት አሳትመዋል። በዝሆኔ የተያዘ እግር ግን የተለየ ነው፤ ያብጣል፣ ይሻክራል፣ ስሜቱ ግን አይጠፋም። ስለዚህ ሥጋ ደዌ ሊሆን አይችልም። ከደጋው አገር በሚመጡት ሕሙማን ደም ውስጥም የፊላሪያ ትል አይገኝም ነበር። እንግዲህ ምንድን ነው?

ከእርሳቸው አስቀድሞ ኦመን የተባሉ ሐኪም በልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ክፍሎች በ56 ገበያዎች የሕሙማንን ቁጥር መዝግበው፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1969 አውጥተው ነበር። በሽታው የሚበዛውም ቀይ የሸክላ አፈር ባለበት ከፍተኛ ቦታ መሆኑ ታወቀ። ፕራይስ ከዚህ ተነሥተው የአፈሩን፣ የዝናቡንና የአየሩን ጠባይ ከሕሙማኑ ብዛት ጋር አነጻጸሩ። እ.ኤ.አ. በ1974 እና በ1976 ባወጧቸው ጽሑፎችም በሽታው ከእሳተ ገሞራ ዐለት ከተገኘ አፈር ጋር የተቆራኘ መሆኑን፣ ይህም በኢትዮጵያ ብቻ ሳይሆን በምሥራቅ አፍሪካ ጭምር መታየቱን አስረዱ።

ይሁን እንጂ አፈርና በሽታ በአንድ ስፍራ መገኘታቸው ብቻ ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ የባዶ እግር ተጓዦችን የጭንና የብሽሽት ዕጢዎች በማይክሮስኮፕ መረመሩ። በዕጢዎቹ ውስጥ ደቃቅ ቅንጣቶችን የዋጡ ሕዋሳት ተገኙ። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታዩም ቅንጣቶቹ ሲሊኮንና አሉሚኒየምን የመሳሰሉ የአፈር ንጥረ ነገሮች ሆኑ። የሊምፍ ቱቦዎቹ ግድግዳ በመቆጣት ያብጣል፣ ቀስ በቀስም በጠባሳ ይደፈናል። እ.ኤ.አ. በ1985 ከባልደረባቸው ፋይፍ ጋር ባሳተሙት የጥንቸል ሙከራም ሲሊካ በሊምፍ ቱቦዎች ላይ ይህንኑ የመሰለ ጉዳት እንደሚያደርስ አሳዩ። በሽታውንም በግሪክኛ እግርንና አቧራን ከሚያመለክቱ ቃላት ፖዶኮኒዮሲስ ብለው ሰየሙት።

አንድ ጥያቄ ግን ቀረ። ቅንጣቶቹ ባልታመሙት ባዶ እግር ሄያጆች ዕጢ ውስጥም ተገኝተዋል። በአንድ ማሳ ከሚውሉ ሁለት ሰዎች አንዱ ታሞ ሌላው የሚድነው ስለምንድን ነው? ፕራይስ ገና እ.ኤ.አ. በ1972 የዘር ተጋላጭነት ሊኖር እንደሚችል ጽፈው ነበር። ከዘመናት በኋላ በደቡብ ኢትዮጵያ በ59 ቤተሰቦች ላይ የተደረገ ጥናት ግምታቸውን አጠናከረ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቻቸው 194 ሕሙማንን ከ203 ጤነኞች ጋር አነጻጽረው፣ ተጋላጭነቱ የሰውነትን መከላከያ ከሚመሩ የዘር ምልክቶች ጋር የተያያዘ መሆኑን አረጋገጡ። ይህ ግን የዘር ጣጣ የሚለውን ወሬ አያጸድቅም፤ ተጋላጭ ሆኖ የተወለደ ሰው እግሩን ከአፈር ከጠበቀ አይታመምምና።

ፕራይስ ለሐኪም የተዉት ትልቁ ቅርስ ውድ መሣሪያ የማይፈልግ የምርመራ መንገድ ነው። እብጠቱ ከእግር ጣቶች ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም እግሮች ይይዛል፣ ከጉልበት በላይም እምብዛም አይዘልቅም። በፊላሪያ የሚመጣው ግን ብሽሽትንና የዘር ከረጢትንም ያጠቃል። እ.ኤ.አ. በ1984 እንደገለጹትም ከእብጠቱ አስቀድሞ የሚመጡ ምልክቶች አሉ፤ በዚያ ጊዜ የተደረሰበት ሰው ሊመለስ ይችላል። ፕራይስ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1990 ሲሆን፣ የድካማቸውን ፍሬ የያዘው መጽሐፋቸውም የታተመው በዚያው ዓመት ነው።

ጥያቄያቸው እጅግ የሚመለከተው የወላይታ ሕዝብ ግን ገና ብዙ ይጠብቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በዞኑ ከመቶ ሰው 5.46 ያህሉ በበሽታው የተያዘ መሆኑን ገለጠ። በ2006 የወጣው ደግሞ ዞኑ በዚህ በሽታ ምክንያት በዓመት ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ እንደሚያጣ አሰላ። በወላይታ ሶዶ እ.ኤ.አ. በ1998 በዶክተር ናታን ባርሎው አማካይነት የተቋቋመው የሞሲ ፉት ማኅበር ሕሙማኑን በቀላል ዘዴ ማከም ጀመረ፤ እግርን በየዕለቱ በሳሙናና ጥቂት በረኪና በገባበት ውሃ ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ ማሰር፣ ጫማ ማድረግ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2011 ፖዶኮኒዮሲስን ከተዘነጉት የሐሩር ክልል በሽታዎች መካከል መዘገበው።

ከሁሉ ይልቅ እኛን የሚነካን እ.ኤ.አ. በ2010 በዚሁ በወላይታ በጤና ባለሙያዎች ላይ የተደረገው ጥናት ነው። ከግማሽ የሚበልጡት በሽታው ይተላለፋል ብለው ያምኑ ነበር፤ ሕሙማንን ሲረዱ እንዳይያዙም ይሠጉ ነበር። መጽሐፉ ከታተመ 20 ዓመት አልፎ ሳለ የሞያችን ሰው እግር ለመንካት ፈራ ማለት ነው። በሐኪም የተሸሸ በሽተኛ ደግሞ በጎረቤቱም ይሸሻል፤ ልጆቹም የሚያገባቸው ያጣሉ።

በፈረንሳይ፣ በስኮትላንድና በአየርላንድ በሽታው አንድ ዘመን የነበረ ሲሆን፣ ሕዝቡ ጫማ በማዘውተሩ ጠፍቷል። አፈራቸው አልተለወጠም። ስለዚህ የፕራይስን ድካም ከፍጻሜ ማድረስ አዲስ መድኃኒት እስኪገኝ የሚቆይ ጉዳይ አይደለም። ያበጠውን እግር ሳንፈራ በእጃችን ይዘን እንመርምር፤ ለበሽተኛውና ለቤተሰቡ በሽታው እንደማይጋባ በግልጽ እንንገር፤ ለልጆቹም ጫማ የሚገኝበትን መንገድ እንፈልግ።