ስድስት ወር የተፈቀደለት ሐኪም

በሽተኛን ማከም አንድ ሙያ ነው። በሽታው ከወዴት እንደሚመጣና በምን መንገድ እንደሚተላለፍ መመርመር ደግሞ ሌላ ሙያ ነው። ሁለቱን ደርቦ ለመያዝ የሚነሳ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ አሠሪ አያገኝም። ሆስፒታሉ የሚከፍለው ላከመበት ሰዓት ነው። የምርምር ተቋሙ ደግሞ የሚፈልገው ከትምህርት ቤት ጀምሮ በቤተ ሙከራ ያደገውን ነው። በመካከል የቀረው ሐኪም ጊዜውን ከእንቅልፉ፣ ገንዘቡን ከኪሱ ያወጣል። ይህን ጉዳይ በደረቁ ከማውራት የአንድን ሰው ሕይወት መተረክ ይሻላልና፣ ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ የምናነሳው የወባን መተላለፊያ መንገድ ያገኘውን ሐኪም ሮናልድ ሮስን ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሮስ የተወለደው ሜይ 13 ቀን 1857 በሰሜን ሕንድ ከሂማላያ ግርጌ በምትገኘው በአልሞራ ከተማ ነው። አባቱ በሕንድ የእንግሊዝ ጦር ውስጥ ጄኔራል ነበር። ልጁ በስምንት ዓመቱ ለትምህርት ወደ እንግሊዝ ተላከ። የልጁ ፍላጎት ግጥም መጻፍና ሥዕል መሳል ነበር፤ አባትየው ግን በሕንድ የሕክምና አገልግሎት ውስጥ ሹመት እንዲይዝ ስለ ፈለገ ለንደን በሚገኘው በቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል የሕክምና ትምህርት ቤት አስገባው። ሮስ ጎበዝ ተማሪ አልነበረም። ከሁለቱ የሙያ ፈተናዎች አንዱን ወድቆ፣ እንደገና እስኪፈተን ድረስ አትላንቲክን በሚያቋርጥ መርከብ ላይ በሐኪምነት ሠራ። በ1881 ፈተናውን አልፎ ወደ ሕንድ የሕክምና አገልግሎት ገባ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የተራ ወታደር ሐኪም ዓመታት ናቸው። ማድራስ፣ ባንጋሎር፣ በርማ፣ የአንዳማን ደሴቶች። ጊዜ ሲተርፈው ልብ ወለድና ግጥም ይጽፋል፣ የሒሳብ መጻሕፍትን እየገዛ ብቻውን ያጠናል። ባንጋሎር ሳለ በ1883 መኖሪያው በትንኝ ተወረረበትና ትንኞቹ የሚፈለፈሉት ውጭ ባለው የውሃ በርሜል ውስጥ መሆኑን ስላየ ውሃውን ቢያስደፋ ትንኙ ቀነሰ። ያን ጊዜ ግን ትንኝና ወባ በአእምሮው አልተገናኙም። እንዲያውም ወባ ከአንጀት የሚነሳ መመረዝ ነው ብሎ ያምን ነበር።

በሽታውን የሚያስከትለው ጥገኛ ነፍሳት አስቀድሞ ታይቶ ነበር። ያየው አልፎንስ ላቬራን የተባለ የፈረንሳይ ጦር ሐኪም ሲሆን፣ ቦታው አልጄሪያ ውስጥ ቆስጠንጢን ከተማ ያለው ወታደራዊ ሆስፒታል፣ ዘመኑም 1880 ነው። ላቬራንም ሐኪም ሆኖ ተመራማሪ ለመሆን የደፈረ ሰው ነበር። ጦሩ ለምርምር የሚመች ቦታ ስላልሰጠው በ1896 ሥራውን ለቀቀና ያለ ደመወዝ በፓስተር ኢንስቲትዩት ማገልገል ጀመረ። በ1907 የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ የገንዘቡን እኩሌታ በዚያው ኢንስቲትዩት የሐሩር በሽታዎች ቤተ ሙከራ እንዲቋቋምበት ሰጠ። ሰው ደመወዝ ላልከፈለው ቤት ከሽልማቱ ሲያካፍል ማየት እምብዛም የተለመደ አይደለም።

ወደ ሮስ እንመለስ። በ1894 ለፈቃድ ለንደን በሄደ ጊዜ ፓትሪክ ማንሰን ከተባለ ሐኪም ጋር ተገናኘ። ማንሰን ቻይና ውስጥ በሠራባቸው ዓመታት የዝሆኔ በሽታን የሚያመጣው ትል ከሰው ደም ወደ ትንኝ እንደሚገባ የደረሰበት ሰው ነው። ለሮስ የወባውን ጥገኛ ነፍሳት በማይክሮስኮፕ አሳየውና፣ ይህም ነገር በትንኝ አማካይነት ሳይተላለፍ አይቀርም ብሎ ግምቱን ነገረው። ሮስ ግምቱን ይዞ በ1895 ወደ ሕንድ ተመለሰ።

የዚያን ሰው ሁኔታ እስቲ አስቡት። ቀን የሚያክመው የክፍለ ጦሩን ወታደሮች ነው። ለምርምር የተመደበ ሳንቲም የለውም፤ ማይክሮስኮፑም የግሉ ነው። የነፍሳት ዕውቀትን ማንም አላስተማረውም፣ የሚያማክረው መጽሐፍም በአጠገቡ አልነበረም። በዚህም ምክንያት ሁለት ዓመት ያህል የተሳሳቱትን የትንኝ ዓይነቶች ሲሰነጥቅ ኖረ። ወባን የሚያስተላልፈው አንድ ወገን ብቻ መሆኑን የሚነግረው ሰው አልነበረምና ግራጫውንና ቡናማውን ሺህ ጊዜ ቢመረምር ምንም አላገኘም። በመካከሉ የኮሌራ ወረርሽኝ ተነሳ ተብሎ ወደ ባንጋሎር ተላከ፤ ሥራውም ቆመ። በ1897 ዕረፍቱን ወባ ወደ በዛበት ወደ ሲጉር ሸለቆ ሄዶ አሳለፈው፤ እዚያም ራሱን ወባ ያዘው።

በዚያው ዓመት በኦገስት ወር፣ ሴኩንደራባድ በተባለች የጦር ሰፈር ከተማ፣ ክንፋቸው ጠቃጠቆ ያለባቸው ትንኞች መጡለት። ስማቸውን ስለማያውቅ በክንፋቸው መልክ ነው የጠራቸው፤ ዛሬ አኖፊሊስ የምንላቸው ናቸው። ሁሴን ኻን የሚባል የወባ ሕመምተኛ በአጎበር ውስጥ ተኝቶ በእነዚህ ትንኞች እንዲነከስ ተስማማ። ዋጋው ለእያንዳንዷ ትንኝ አንድ አና ነበር፤ አና ማለት የሩፒ አንድ አሥራ ስድስተኛ ነው። አሥር ትንኞች ነከሱትና አሥር አና ተከፈለው። የዓለምን ሕክምና የለወጠው ሙከራ ለሕመምተኛው ያስገኘው ከአንድ ሩፒ በታች ነው ማለት ነው። በዚያ ዘመን የሕመምተኛን ፈቃድና መብት የሚጠብቅ ደንብ እንዳልነበረም እግረ መንገዳችንን እናስታውስ።

ሙቀቱ ከባድ ነበር። ከጣሪያ የሚንጠለጠለውን ማራገቢያ ማስነሳት አልተቻለም፣ ነፋሱ የተሰነጠቁትን ትንኞች ይበትናቸዋልና። ከግንባሩ የሚንጠባጠበው ላብ የማይክሮስኮፑን ብሎኖች አዛገ፣ የመጨረሻው የዓይን መስተዋትም ተሰነጠቀ። ኦገስት 20 ቀን ጥቂት ትንኞች ብቻ ሲቀሩት፣ ከአንዷ ጨጓራ ግድግዳ ላይ የወባው ጥገኛ ነፍሳት የሚታወቅበትን ጥቁር ቀለም የያዙ ክብ ሕዋሳት አየ። ግኝቱ በዚያው ዓመት በዲሴምበር በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ታተመ። ኦገስት 20 እስከ ዛሬ ድረስ የዓለም የትንኝ ቀን ተብሎ ይታሰባል።

ታዲያ መንግሥት ለዚህ ሰው ምን አደረገለት? በሚቀጥለው ወር ኸርዋራ ወደምትባል ወባ እምብዛም ወደማይገኝባት የራጅፑታና መንደር አዛወረው። በክፋት የተደረገ አይመስለንም። የሕክምና አገልግሎቱ የሚያውቀው ጣቢያዎችንና ክፍት የሥራ ቦታዎችን ነው፤ ሮስ በሰነዱ ላይ ሌላ ሰው ሊተካው የሚችል አንድ መኮንን ነበር። ተመራማሪ ሐኪምን የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ጠላትነት ሳይሆን ይህ ዓይነቱ መዝገብ ነው። ማንሰን ከለንደን ሆኖ ለባለሥልጣናት ደጋግሞ ካመለከተ በኋላ፣ በ1898 መጀመሪያ ላይ ሮስ ለስድስት ወር በካልካታ በልዩ ሥራ እንዲመደብ ተፈቀደ። ስድስት ወር ብቻ!

በካልካታ የፕሬዚደንሲ ሆስፒታል አጠገብ ትንሽ ቤተ ሙከራ ተሰጠው። ረዳት መቅጠር ነበረበትና ከቀጠራቸው መካከል ሙሐመድ ቡክስ የሚባለው ሰው እስከ መጨረሻው ጸንቶ አገለገለው። ትንኝ እያጠመደ ያመጣ የነበረው፣ የሙከራ ወፎቹንም ይንከባከብ የነበረው እሱ ነው። በካልካታ የወባ ሕመምተኛ እንደ ልብ ስላልተገኘ ሮስ የወፎችን ወባ ይመረምር ጀመር። በጁላይ ወር ጥገኛው ከትንኟ ጨጓራ ወጥቶ እስከ ምራቅ ዕጢዎቿ ሲደርስ ተከታተለ። ቀጥሎም በሽታው ያለባቸውን ወፎች የነከሱ ትንኞች ጤነኛ ድንቢጦችን እንዲነክሱ አደረገና ድንቢጦቹ ታመሙ። ወባ በመጥፎ አየር ወይም በረግረግ ሽታ ሳይሆን በትንኝ ንክሻ እንደሚተላለፍ በዚህ ተረጋገጠ። ማንሰን ዜናውን በጁላይ መጨረሻ ኤዲንብራ ላይ ለተሰበሰቡት የእንግሊዝ ሐኪሞች አሰማ። በዚያ ዓመት በተነሳው ፎቶግራፍ ላይ ሮስና ባለቤቱ፣ ሙሐመድ ቡክስና ሌሎች ረዳቶች በቤተ ሙከራው ደጃፍ አብረው ይታያሉ። በሽልማቱ ላይ ግን የረዳቶቹ ስም የለም።

ሮስ የሰው ወባን በተመሳሳይ መንገድ ለመጨረስ ፈልጎ ነበር። መንግሥት ሌላ በሽታ እንዲያጠና ወደ አሳም ላከው። በዚህ መካከል ጣሊያናዊው ጆቫኒ ባቲስታ ግራሲና ባልደረቦቹ በ1898 መጨረሻ የሰው ወባ በአኖፊሊስ እንደሚተላለፍ በሙከራ አሳዩ። ከዚህ የተነሳ በሁለቱ መካከል የተጫረው የቀዳሚነት ጠብ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ አልበረደም። ሮስ በዚህ ጠብ የተጠቀመበት ቋንቋ ለስሙ የሚመጥን አልነበረም። የኖቤል ሽልማቱን በ1902 ብቻውን ወሰደ፤ ግራሲ ምንም አላገኘም።

በ1899 ሮስ ከሕንድ አገልግሎት ለቆ በሊቨርፑል የሐሩር በሽታዎች ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ። ደመወዙ በዓመት 250 ፓውንድ ነበር። ትምህርት ቤቱን ያስጀመረው አልፍሬድ ጆንስ የተባለ የመርከብ ባለንብረት ሲሆን፣ ያዋጣውም በዓመት 350 ፓውንድ ነበር። መርከቦቹ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ይመላለሱ ስለነበር ንግዱን የሚያውከው በሽታ ያሳስበው ነበር። ከዚያ ሮስ ወደ ሴራሊዮን፣ በ1902 ወደ ግብፅ ኢስማኢሊያ፣ በኋላም ወደ ሞሪሸስ እየሄደ የትንኝ መራቢያ ውሃን የማድረቅ ሥራ አስተማረ። በኢስማኢሊያ የስዊዝ ቦይ ኩባንያ ምክሩን በሥራ ላይ ስላዋለ ወባው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከከተማዋ ሊጠፋ ተቃረበ።

ስለ ገንዘብ ያነሳው ክርክር ግን እስከ እርጅናው አልቆመም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ለግኝቱ ካሣ እንዲከፈለው ለገንዘብ ሚኒስትሩ ለሎይድ ጆርጅ አቤት አለ። ማስረጃ ያደረገው የፈንጣጣ ክትባትን ያገኘውን የገጠር ሐኪም ኤድዋርድ ጄነርን ነበር፤ ፓርላማው ለጄነር በ1802 አሥር ሺህ፣ በ1807 ሃያ ሺህ ፓውንድ ሰጥቶታልና። የሮስ አቤቱታ ተቀባይነት አላገኘም። ብዙዎች ስግብግብ አሉት። እኛ በዚህ ፍርድ አንስማማም። ግኝቱ የሰው ሁሉ ንብረት ስለሆነ ሊሸጠው አልቻለም፤ ለምርምሩ ያዋለው ጊዜ ደግሞ የሕክምና ገቢውን ቀንሶበታል። ነገር ግን የጠየቀው ነገር መድኃኒቱ አይደለም። ሽልማት የሚመጣው ከግኝት በኋላ ነው። ሮስን በ1895 የጎደለው ሽልማት ሳይሆን ነፃ ጊዜ፣ የነፍሳት አስተማሪና ከጣቢያ ወደ ጣቢያ የማይወረውረው ቋሚ ሹመት ነበር።

ያን የመሰለ ነገር በእንግሊዝ የተጀመረው እሱ ሲከራከር በነበረበት ዘመን መሆኑ ይገርማል። በ1911 የወጣው የኢንሹራንስ ሕግ ከእያንዳንዱ ዋስትና ከተገባለት ሠራተኛ በዓመት አንድ ፔኒ ለሕክምና ምርምር እንዲውል ፈቀደ፤ በ1913 የሕክምና ምርምር ኮሚቴ ተቋቋመ። አሜሪካም በ1964 ሕክምናንና ምርምርን አብረው ለሚማሩ ተማሪዎች መንግሥት ወጪያቸውን የሚሸፍንበትን ፕሮግራም ጀመረች። እንዲያም ሆኖ በ1979 ጄምስ ዊንጋርደን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ተመራማሪ ሐኪሞች እየጠፉ ነው ሲል በጽሑፍ አስጠነቀቀ። ባለጸጋው አገር እንዲህ ካለ፣ በእኛ አገር ከተሰለፈው ሕዝብ ፊት ቆሞ የሚውለው ሐኪም ጥያቄውን መቼና በማን ገንዘብ ይመርምር? ወባ ለእኛ የታሪክ ጉዳይ አይደለም። በ1958 በደጋው ድንበር ላይ በተነሳው ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ኢትዮጵያውያን ታመው፣ 150 ሺህ ያህሉ እንደሞቱ ይገመታል።

ሮስ በ1912 ወደ ለንደን ተዛውሮ ሕመምተኞችን እያከመ፣ የወባን ስርጭት በሒሳብ ቀመር እያሰላና የሳይንስ መጽሔት እያዘጋጀ ኖረ። በ1926 በስሙ የተሰየመ የሐሩር በሽታዎች ሆስፒታልና ኢንስቲትዩት በፐትኒ ተከፈተለት። በሚቀጥለው ዓመት በካልካታ በሠራበት ሆስፒታል መታሰቢያ በር ተመረቀ። በ1928 ቤተሰቡን ለመርዳት ሲል የምርምር ማስታወሻዎቹንና ደብዳቤዎቹን ለሽያጭ በማስታወቂያ አወጣ፤ ሌዲ ሂውስተን የተባሉ ባለጸጋ ሴት በ2,000 ፓውንድ ገዟቸው። ሴፕቴምበር 16 ቀን 1932 እዚያው በስሙ በተሰየመው ሆስፒታል ውስጥ ሞተ፤ ከአንድ ዓመት በፊት ከሞተችው ከባለቤቱ ከሮዛ አጠገብም ተቀበረ።