ዕድሜው እስኪደርስ የተጫወተው ጠበቃ

የሰንጠረዥ ወዳጆች ሁሉ የፖል ሞርፊን ስም ያውቁታል። የሕግ ሰው እንደ ነበረ የሚያስታውሱት ግን ጥቂቶች ናቸው፤ እኛም ታሪኩን የምናወሳው ይልቁን ስለዚህ ነው።

ሞርፊ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1837 ዓ.ም. በአሜሪካ በኒው ኦርሊንስ ከተማ ተወለደ። አባቱ የሉዊዚያና ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ። ልጁም የአባቱን ፈለግ ተከትሎ ሕግ ተማረ፤ በ1857 ዓ.ም. ዲግሪውን ሲቀበል ገና 20 ዓመት አልሞላውምና ለጥብቅና ሥራ 21 ዓመት እስኪሞላው መጠበቅ ግድ ሆነበት። ይህን ባዶ ጊዜ ነው እንግዲህ ለሰንጠረዥ የሰጠው።

ከሚወዳቸው የጨዋታ መክፈቻዎች አንዱ ኢቫንስ የተባለ የመርከብ አዛዥ ያወጣው ነበር። በዚህ መክፈቻ ነጩ በ4ኛው እርምጃ አንድ ወታደር በገዛ እጁ ያስበላል። ባላጋራው ወታደሩን ሲለቅም ጊዜ ያጠፋል፤ ሰጪው ግን መካከሉን ይይዛል። ብዙዎች ይህን ሲጫወቱ ወዲያው ንጉሥ ለመያዝ ይሮጡ ነበር። ሞርፊ ግን አስቀድሞ ሠራዊቱን ሁሉ ያወጣል፤ የሚመታው ከዚያ በኋላ ነው። የበለጣቸው በዚህ ይመስለናል።

በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በኒው ዮርክ የመጀመሪያው የአሜሪካ የሰንጠረዥ ጉባኤ ተከፈተ። በመጨረሻው ግጥሚያ የገጠመው ሉዊስ ፖልሰን አንዷን እርምጃ እጅግ አብዝቶ የሚያስብ ሰው ነበር፤ የጨዋታ ሰዓትም ገና ስላልተፈለሰፈ ተጋጣሚው ቁጭ ብሎ ከመጠበቅ በቀር ምርጫ አልነበረውም። በ6ኛው ጨዋታ ሞርፊ በ17ኛው እርምጃ ንግሥቱን ሰጠ! የፖልሰን ንጉሥ መሸሻ አጣ፤ በ28ኛውም እርምጃ እጁን ሰጠ። ሞርፊ 5 ጨዋታ አሸንፎ፥ በ1 ተሸንፎ፥ በ2 እኩል ወጥቶ ጉባኤውን በአንደኛነት ፈጸመ።

በ1858 ዓ.ም. ወደ አውሮጳ ተሻገረ። ፓሪስ ላይ የጀርመኑን ታላቅ ተጫዋች አንደርሰንን ከ11 ጨዋታ በ7ቱ አሸነፈ፤ ሰሌዳውን ሳያይም ከ8 ሰዎች ጋር ባንድ ጊዜ ተጫወተ።

ወዳገሩ ሲመለስ ዕድሜው ደርሶ ነበር። ነገር ግን በ1861 ዓ.ም. የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። ከዚያም በኋላ ቢሮ ቢከፍት የሚመጣው ሰው ስለ ሰንጠረዥ እንጂ ስለ ክሱ ሊያነጋግረው አይሻም ነበር ይባላል። እርሱ ሰንጠረዥን የጨዋ ሰው መዝናኛ እንጂ እንጀራ አድርጎ አያየውም ነበርና ዝናው ሸክም ሆነበት፤ ጨዋታውን ተወ፥ ጥብቅናውም አልሰመረለትም፥ በቤተሰቡ ሀብት ኖረ።

በ1884 ዓ.ም. በ47 ዓመቱ በኒው ኦርሊንስ በሮያል ጎዳና ባለው ቤቱ ሞተ። ቤቱ ዛሬ ምግብ ቤት ነው።