ልጆችን ከወንበር ያስነሣ መምህር

በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት በጀርመን አገር የተማረ ልጅ ሲባል፣ አብዛኛውን ቀን ወንበር ላይ ተቀምጦ ላቲን የሚሸመድድ ልጅ ማለት ነበር። የባለጸጋ ልጆች እንደ አዋቂዎች ጠባብ ልብስ ይለብሱ፣ ጠጕራቸውም ላይ ዱቄት ይነሰነስ ነበር። ሮጦ ማላብና ዛፍ ላይ መውጣት ለጨዋ ልጅ የሚገባ ሥራ ሆኖ አይታይም ነበር። ይህን ልማድ ከተቃወሙት መምህራን አንዱ ዮሐን ክሪስቶፍ ፍሪድሪክ ጉትስሙትስ ነው።

ጉትስሙትስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1759 ክቬድሊንቡርግ በተባለች ከተማ ተወለደ። (ቀጥለው የሚጠቀሱት ዘመናትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ ቆዳ አልፊ ነበረ፤ ልጁ ለአካለ መጠን ሳይደርስም ሞተ። ጉትስሙትስ ገና ተማሪ ሳለ ሪተር የተባለ ሐኪም ልጆችን በቤታቸው ያስተምር ነበር። ከ1779 እስከ 1782 በሃለ ዩኒቨርስቲ ሥነ መለኮት ከተማረ በኋላም ወደዚያው ቤት ተመለሰ።

ሐኪሙ በ1784 ሲሞት ቤተሰቡ ተቸገረ። በዚያው ዓመት ሳልትስማን የተባለ አስተማሪ ከቱሪንጊያ ደን አጠገብ፣ ሽኔፕፈንታል በተባለ ስፍራ ትምህርት ቤት አቋቁሞ ነበርና ከሟቹ ልጆች ካርልን ተቀብሎ ለማሳደግ ፈቀደ። ጉትስሙትስ በ1785 ልጁን ይዞ ሄደ፤ ሳልትስማንም የመምህርነት ሥራ ስለ ሰጠው እዚያው ቀረ። ያ ልጅ ካርል ሪተር ነው፤ በኋላ ስመ ጥር የጂኦግራፊ ሊቅ ሆኗል።

ጉትስሙትስ የጂምናስቲክን ትምህርት በኃላፊነት የተረከበው በ1786 ነው። ትምህርቱን የጀመረው እርሱ አይደለም፤ በ1774 ደሳው ከተማ ውስጥ በተከፈተው የባዜዶቭ ትምህርት ቤት አስቀድሞ ተሞክሮ ነበር። የጉትስሙትስ ድርሻ ለትምህርቱ ሥርዓትና ደረጃ ማውጣቱ ነው። ለርዝመት ዝላይ በአንድ ጫፍ ጠባብ፣ በሌላው ጫፍ ሰፊ የሆነ ቦይ ያስቆፍራል፤ ትንሹ ልጅ በጠባቡ በኩል ይዘላል፤ ጕልበቱ በጨመረ መጠን ወደ ሰፊው እየተሻገረ ይሄዳል። ለከፍታ ዝላይ በሁለት ምሰሶዎች መካከል ገመድ ይዘረጋል፤ ገመዱም ጥቂት በጥቂት ከፍ ይላል። ሚዛን መጠበቅን ለማስተማር ረጅም ግንድ ከመሬት ከፍ ተደርጎ ይጋደማል፤ ልጆቹም በላዩ ላይ ይራመዳሉ። ዓይናቸውን ተሸፍነው ዕቃን በመዳሰስ ብቻ መለየትም ከልምምዶቹ አንዱ ነበር፤ በእርሱ ዘንድ ጆሮና ጣትም እንደ እግር ሥልጠና ይሻሉና። የእያንዳንዱን ተማሪ ውጤት እየለካ በመዝገብ ይጽፍ ነበር።

ልጄ ይሰበርብኛል ብሎ ለሚፈራ ወላጅ ከዚህ የደረጃ አሠራር የተሻለ መልስ ማግኘት ያስቸግራል።

በ1793 «ጂምናስቲክ ለወጣቶች» የተባለውን መጽሐፉን አሳተመ። ከሦስት ዓመት በኋላ ከመቶ በላይ ጨዋታዎችን የያዘ ሌላ መጽሐፍ አወጣ። በ1798 ደግሞ የዋና መማሪያ ጻፈ። በዚያ ዘመን በውኃ ሰጥመው የሚሞቱ ብዙዎች ነበሩ፤ ጉትስሙትስም ተማሪው በመጀመሪያ ውኃውን እንዲለምድ፣ ቀጥሎ እንቅስቃሴውን በየብስ እንዲለማመድ፣ በመጨረሻም በውኃ ውስጥ እንዲሠራው መከረ።

የ1793ቱ መጽሐፍ በሌሎች ቋንቋዎች ተተረጐመ። ሆኖም በ1800 በእንግሊዝኛ ሲታተም በደራሲነት የተጠቀሰው ሳልትስማን ነበር፤ የእንግሊዝ አንባቢም የድካሙን ባለቤት ሳያውቅ ቀረ። በዴንማርክ ናክቴጋል የተባለ መምህር የጉትስሙትስን ዘዴ ተከትሎ በ1799 በኮፐንሃገን የጂምናስቲክ ቤት ከፈተ። እዚያ የተማረው ስዊድናዊው ሊንግም በ1813 በስቶክሆልም የመምህራን ማሠልጠኛ አቋቋመ።

ይሁን እንጂ የሽኔፕፈንታል ሜዳ ለወንዶች ልጆች ብቻ የተዘጋጀ ነበር፤ የሴቶች ልጆች ተራ የደረሰው ብዙ ዘግይቶ ነው። በጀርመንም ያን የተባለው ሰው በ1811 በበርሊን አጠገብ የጂምናስቲክ ሜዳ ከፍቶ ትምህርቱን ከአገር ነፃነት ትግል ጋር አያያዘው። ጉትስሙትስ ራሱ በ1817 ባወጣው መጽሐፍ ወደዚሁ መንፈስ አዘንብሏል። የፕሩሲያ መንግሥት ግን የያንን ተከታዮች ፈራና በ1820 የጂምናስቲክ ሜዳዎችን ዘጋ፤ እገዳው እስከ 1842 ቆየ።

ጉትስሙትስ እገዳው ሲነሣ ለማየት አልበቃም። በሽኔፕፈንታል ሃምሳ ዓመት ያህል ጂምናስቲክና ጂኦግራፊ ካስተማረ በኋላ፣ በግንቦት ወር 1839 በሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ከትምህርት ቤቱ ብዙ በማትርቀው በኢበንሃይን መንደር ሞተ። ሊንግም የሞተው በዚያው ወር ነው።